ለገጣባ አህያ ዳቦ ይዛችሁ አትሂዱ

በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ የተጎዱና የተጣሉ አህዮችን አስጠግቶ የሚያስታምም ግቢ ለመጎብኘት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ዳቦ ይገዛል። ዳቦው ቤት ይቅር። የአህያ ሆድ የለመደው ደረቅና ሸካራ መኖ ነው። ዳቦ፣ በቆሎና ስንዴ ሲበዛበት ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሰኮናውም ከውስጥ ይታመምና መቆም ያቅተዋል።

የሚፈለገው ጭድ ነው። 120 ኪሎ የሚመዝን አህያ በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበቃዋል። አሥር አህያ ያለበት ግቢ እንግዲህ በወር ከ600 እስከ 900 ኪሎ ይጨርሳል ማለት ነው፤ ስትለግሱ ይህን አስቡ። የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ ከተገኘ ጥሩ ነው። በእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነው የማሽላ አገዳ ግን በደንብ መድረቅ አለበት፤ ድርቅ የመታው ወይም ከታጨደ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠ ለጋ ማሽላ ሲያናይድ የሚባል መርዝ አለበት። ከባቢሌ በኩል የሚመጣው የለውዝ ተረፈ ምርትም እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ጉበት ይመርዛል። ገራባ፣ ማለትም የጫት ተረፈ ቅጠል፣ የፍየሎች ድርሻ ነው። አህያ ገራባውን ሲለቅም አብሮት የተጣለውን ፌስታል ይውጥና አንጀቱ ይዘጋል። ውሃ በቀን ከ10 እስከ 25 ሊትር ይጠጣል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋል። ጭድ ማምጣት ካልቻላችሁ የአንድ በርሜል ውሃ ወጪ መሸፈን ትልቅ ነገር ነው።

ጉብኝቱን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አድርጉት፤ ፀሐይ ሳይበረታ። ወደ አህያ በትከሻው በኩል፣ እያያችሁ ቅረቡ፤ ከኋላ አትምጡበት። ሁለት አህዮች ሁልጊዜ ጎን ለጎን ከቆሙ ጓደኛሞች ናቸውና ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ አታለያዩአቸው። ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጓደኛውን ያጣ ወይም የታመመ አህያ መብላት ያቆማል። መብላት ሲያቆም የሰውነቱ ስብ ወደ ደሙ ይገባል፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጥላል፤ በተለይ የወፈረውንና እርጉዟን በቀናት ውስጥ ይገድላል። አህያ ሲታመም እንደ ፈረስ አይንፈራገጥም፣ ዝም ብሎ ይቆማል እንጂ። ግርግም ላይ የተረፈ መኖ ካያችሁ ወዲያው ለአስታማሚው ተናገሩ።

ቁስል ማጠብ የሚያግዝ ጎብኚ ብዙ ጊዜ እጁ ይቸኩላል። መጀመሪያ ውሃ አፍሉና አቀዝቅዙ፤ በግማሽ ሊትር አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። ጨው ከበዛ ያቃጥላል፣ አህያውም በሚቀጥለው ቀን አያስነካችሁም። ከመሃል ወደ ዳር እያፈሰሳችሁ እጠቡ፤ ጥጥ አትጠቀሙ፣ ክሩ ቁስሉ ላይ ይቀራል። ንጹሕ ማር በስሱ መቀባት ይረዳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄትና በጋለ ብረት መተኮስ ግን ደህናውን ሥጋ ጭምር ይገድላሉ። አህያን ቴታነስ ቶሎ ይይዘዋልና ገንዘብ መስጠት የሚፈልግ ለክትባቱ ቢሰጥ አያስቆጭም። ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አታምጡ።

ሐረር ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጅብ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ሌሊት ታስሮ ያደረ አህያ ማምለጫ ስለሌለው ከኋላ እግሩ ወይም ከጭኑ ተነክሶ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ቁስል በባዶ እጅ አትንኩ። ምራቅ የሚዝረከረክበት አህያ ስታዩም ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር ተሰክቶ ይሆናል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከተነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስላችሁን ከነካ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የበሽታው ምልክት ከወጣ በኋላ መዳኛ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ብዙ ደግ ሰው ሐረር ኤረር በር ወይም ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ ጀርባው የተላጠ አህያ አይቶ «ልግዛውና ግቢው ይውሰደው» ይላል። አይሆንም። ባለቤቱ በዚያው ብር ሌላ አህያ ይገዛል፣ ከጭነት ሥር የሚደረገውን ያንኑ መደላድል ያለብሰዋል፣ በወሩ ሁለተኛ ገጣባ አገኛችሁ። የዳነውንም ለማታውቁት ገዢ አሳልፎ መስጠት አደጋ አለው፤ የአፍሪካ መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. አህያን ለቆዳው ማረድ ለ15 ዓመት እንዲከለከል የወሰኑት ገበያው ስላለ ነው።

በዚያ ብር ለባለቤቶች መደላድል አሠሩ። ገጣባ የሚመጣው ጭነቱ የጀርባ አጥንት ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ በአንድ ወጥ ፍራሽ ቢሸፈንም መሃሉ ይጠቀጠቅና ያው አጥንቱን ይነካል። ስለዚህ ሁለት ጥቅል ይሰፋል። እያንዳንዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ እንደ ክንድ የወፈረ፣ ጭድ በደንብ የተሞላበት ይሁን። ሁለቱን በጨርቅ ስታያይዙ በመሃላቸው አንድ መዳፍ ክፍተት ተዉ፤ አጥንቱ በዚያ ይተነፍሳል። ቆዳ የሚነካው በኩል አቡጀዲ ወይም ያረጀ ጋቢ ይሁን፤ የማዳበሪያ ከረጢት ላብ አይመጥም፣ ቆዳውንም ይፍቃል። በጅራት ሥር የሚያልፈውን የናይለን ገመድ በጨርቅ ጠቅልሉት። ጭነቱም ከአህያው ክብደት ሲሶ ባይበልጥ ነው፣ ወደ 40 ኪሎ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ባለቤቱን ስትቀርቡት ስድብ ይዛችሁ አትሂዱ። «አቦ፣ ጀርባውን እስቲ ልየው፣ ይህን ልሞክርለት» ካላችሁት አብሯችሁ ጭነቱን ያወርዳል። ማታ ማታ መደላድሉን ነፋስ የሚያገኘው ቦታ እንዲሰቅለው ንገሩት። ጭዱ በሳምንት ውስጥ ተጠቅጥቆ ስለሚሳሳ መሙያውን እንዲያድስበት የመደላድሉን አንድ ጫፍ ሳትሰፉ በማሰሪያ ተዉለት።