የእማዬ ግራ ጫማ

እማዬ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ለንደን በመጣች በሁለተኛው ሳምንት «ሕንፃ ሕንፃውን አሳየኸኝ። እዚህ አገር እግዚአብሔር የሠራው ነገር የለም እንዴ?» አለችኝ። ነገሩ ቆጨኝ። በአውሮፕላን ቤልፋስት፣ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ ሰሜን አየርላንድ ጠረፍ፣ ጃያንትስ ኮዝዌይ ድረስ ይዣት ሄድኩ።

ወደ 40,000 የሚጠጉ የድንጋይ ዓምዶች እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ደረጃ ባሕሩ ውስጥ ይገባሉ። አብዛኞቹ ባለ ስድስት ጎን ናቸው። እማዬ ጎንበስ ብላ የአንዱን ጎን በጣቷ ቆጠረች። «የማር እንጀራ!» አለች። ቀጥላ ደግሞ «የየትኛው ንጉሥ ሥራ ነው?»

አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን እንደ ሊቅ ዘረገፍኩት። ማንም አልሠራውም፤ የዛሬ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ፣ ውሃው እንደደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነው አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ጭቃ ተለክቶ ሲሰነጠቅ አይተህ ታውቃለህ? ይሄ እንደ ላሊበላ መላእክት ሌሊት ሌሊት የጠረቡት ነው» ብላ ጫማዋን አወለቀች።

በዚያ ብርድ! ነፋሱ ነጠላዋን ባንዲራ አድርጎታል። «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም» ብላት፣ «ሙሴስ አውልቅ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር?» ብላ አፌን ዘጋችኝ። ጫማዋን አስያዘችኝና ፎቶ አንሣኝ አለች።

እንግዲህ ጥፋቱ እዚህ ላይ የኔ ነው። የጠቆረውን ድንጋይ አትርገጡ ተብለናል፤ ባሕሩ የሚያረጥበው ስለሆነ ያንሸራትታል። እኔም አልረገጥኩትም። ጫማዋን ነው ያስቀመጥኩበት። ስልኬን አስተካክዬ «እማዬ ፈገግ በይ» ስላት እሷ ከኔ ኋላ አፍጥጣ «ውይ! ውይ!» ትላለች። ዞር ስል ማዕበሉ ግራውን ይዞ እየተመለሰ ነው። ቀኙን ትቶልኛል። ለመንገዱ ብላ መርካቶ አማርጣ የገዛችው ጫማ!

ምን ላድርግ፣ 43 ቁጥር ሸራዬን አጠለቅኩላት። እኔ ድፎ ዳቦውን የጠቀለለችበትን ፌስታልና ሌላ አንድ ፌስታል ካልሲዬ ላይ አሰርኩ። ስራመድ ቿ፣ ቿ እላለሁ። ነጠላ የለበሰች እናትና ፌስታል የተጫማ ልጅ ሲያይ፣ ዓምዱን ትቶ እኛን ፎቶ ያላነሣ ቱሪስት የለም።

ሳቁን መያዝ ያቃተው አንድ ሠራተኛ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ጫማ የሚመስል ትልቅ ድንጋይ እንዳለ ነገረን። እማዬ ካላየሁ አለች። ቿ ቿ እያልኩ ወሰድኳት። ታሪኩን እሱ እንደነገረኝ ተረጎምኩላት። ፊን ማኩል የሚባል ግዙፍ ጀግና ስኮትላንድ ካለው ግዙፍ ጋር ሊፋለም ይህንን መንገድ በባሕሩ ላይ ሠራ። የሰውዬውን ቁመት ሲያይ ግን እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ ጫማው ወለቀ። ቤት ሲደርስ ሚስቱ እንደ ሕፃን ጠቅልላ አልጋ ላይ አስተኛችው። ተከታትሎ የመጣው ባላጋራ «ልጁ ይህን ካከለ አባትየው ምን ሊያክል ነው?» ብሎ መንገዱን እያፈረሰ አገሩ ገባ።

«ጀግናዋስ ሚስትየዋ ናት» አለች እማዬ። ከዚያ ድንጋዩን ዞራ ዞራ አየችውና፣ «የሱም አንድ እግር ብቻ ነው። እሱም ጫማውን ለልጁ አስይዞ ነበር?»

ማታ ለአክስቴ ስትደውል በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት። ስለ 60 ሚሊዮኑ ዓመት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። «መላእክት የሠሩትን አሳየኝ፣ ጫማዬን ግን ባሕር ከተተብኝ» ነው ያለቻት።

ቀኙ ጫማ አሁንም እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ልጥለው ስል አየር ማረፊያ ላይ ያለችኝ ትዝ ይለኛል፦ «እንዳትጥለው! ባሕሩ ግራውን የተፋው ቀን ደውልልኝ።»