የተሻሩ ቅንብሮችና ባዶ የባክአፕ ፋይሎች

ጅማ ውስጥ በሂርማታ መርካቶ አካባቢ ለሚገኙ የቡናና የሸቀጥ ነጋዴዎች የሒሳብ ሰርቨሮችን ስጠግን ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ችግር የዳታቤዙ መበላሸት አይደለም። ዳታቤዙ ደህና ነው፤ ሽያጭ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይታተማል፣ ሌሊት ሌሊት የሚወሰደው ባክአፕ ግን ሰርቨሩ ወደ አዲስ ቨርዥን ካደገበት ዕለት ጀምሮ ባዶ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አዲሱ ቨርዥን የማያውቃቸው የቆዩ ቅንብሮችና ትእዛዞች ናቸው።

ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ሰርቨር የቅንብር ፋይሉ በክፍል በክፍል የተከፈለ ሲሆን ሰርቨሩ የራሱን ክፍል፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኙት መሣሪያዎች ደግሞ የደንበኛ ክፍል የሚባለውን ያነባሉ። በዚህ የጋራ ክፍል ውስጥ የተጻፈን ቅንብር የማያውቅ መሣሪያ «ያልታወቀ ተለዋዋጭ» ብሎ እዚያው ይቆማል እንጂ ዘሎ አያልፍም። ለምሳሌ የፊደል ስብስብን የሚወስነውን መስመር ባክአፕ የሚያወጣው ማይኤስኪውኤልደምፕ ሲቀበለው የባይነሪ ሎግ (በዳታቤዙ ላይ የተደረጉ ለውጦች መዝገብ) አንባቢው ግን አይቀበለውም። ከቅንብሩ ስም በፊት «ሉዝ» የሚለውን ቅጥያ መጨመር ስህተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ያደርገዋል፤ በእኔ እምነት ግን አላስፈላጊውን መስመር ማውጣት ይሻላል።

የቅንብሮች መወገድ ድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ ይሻራሉ፣ ማለትም እየሠሩ ወደፊት እንደሚወጡ ይነገራል። የኪዌሪ ካሽ (የጥያቄ ውጤቶች ማቆያ) ቅንብሮች በማይኤስኪውኤል ቨርዥን 5.7.20 ተሽረው በ8.0 ጨርሰው ወጡ፤ የባይነሪ ሎግን ዕድሜ በቀን የሚቆጥረው ቅንብርም በ8.0 በሰከንድ በሚቆጥረው ተተክቶ በ8.4 የለም። በ8.4 የቆየው «ሾው ማስተር ስታተስ» ትእዛዝ ስለቀረ፣ የሎጉን ቦታ እንዲመዘግብ የታዘዘ የቀድሞ ማይኤስኪውኤልደምፕም እዚያ ላይ ይሰናከላል። ከ8.0.16 ጀምሮ ሰርቨሩ ሳይነሣ የቅንብር ፋይሉን ብቻ የሚፈትሽበት አማራጭ አለው፤ ከማሳደግ በፊት እሱን ማስኬድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ሌላው የዳታቤዝ ሰርቨር ፖስትግሬስኪውኤልም ከዚህ አያመልጥም። ብቸኛ የሚባለው (በአንድ ጊዜ አንድ ባክአፕ ብቻ የሚፈቅደው) የባክአፕ ስልት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 9.6 ተሽሮ እስከ 2022 ድረስ ከቆየ በኋላ በ15 ተወገደ፤ ባክአፕ የሚያስጀምረውና የሚያስቆመው ፈንክሽን ስማቸውም አብሮ ስለተለወጠ በአሮጌው ስም የሚጠራቸው ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ሁሉ ይወድቃል። ስድስት ዓመት የማስጠንቀቂያ ጊዜ አጭር ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም።

ታዲያ ውድቀቱ ለምን አይታይም? አብዛኛውን ጊዜ ስክሪፕቱ የደምፑን (የባክአፕ ትእዛዙን) ውጤት በቧንቧ፣ ማለትም በቀጥታ ከአንዱ ትእዛዝ ወደ ሌላው በማስተላለፍ፣ ፋይል ወደሚጨምቀው ጂዚፕ ስለሚልክ ነው። ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ሼል የሚያየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት በመሆኑ፣ ደምፑ ገና በመጀመሪያው መስመር ቢሞት እንኳ ጂዚፕ ምንም ያልያዘውን ነገር በሥርዓት ጨምቆ 20 ባይት የሚሆን ፋይል ይተውና ሥራው ተሳካ ይባላል። ባሽ በሚባለው ሼል «ፓይፕፌል» የሚለውን አማራጭ ማብራት ይህን ያስቀራል።

የባሰው ግን ፋይሉ ባዶ ሳይሆን የተመረዘ ሲሆን ነው። ከማይኤስኪውኤል የተገነጠለው ማሪያዲቢ በ11 ቨርዥኑ ማይኤስኪውኤልደምፕ በሚለው አሮጌ ስም ሲጠራ ስሙ መሻሩንና «ማሪያዲቢ ደምፕ» መባል እንዳለበት በስህተት መስመር (የስህተት መልእክቶች ከውጤቱ ተለይተው በሚወጡበት መንገድ) ላይ ያስታውቃል። የስህተቱን መስመር ከውጤቱ ጋር አዋሕዶ የሚጽፍ ስክሪፕት ያንን ዓረፍተ ነገር በደምፑ ራስ ላይ ያሳርፈዋል፤ ፋይሉ በመጠኑ ጤነኛ ይመስላል፣ ለመመለስ ሲሞከር ግን በመጀመሪያው መስመር የሰዋስው ስህተት ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ፋይል የመጀመሪያውን መስመር በማውጣት ማዳን ይቻላል፤ ስክሪፕቱ ግን ስህተቶችን ለብቻው ፋይል እንዲጽፍ መታረም አለበት።