ሲዳማን ለእንግዳ ማሳየት፦ ከሜዳው ሳይሆን ከጓሮው

ሐዋሳ ላይ እንግዳ ሳስጎበኝ መጀመሪያ የምወስደው ጉዱማሌ ነበር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምባላላ፣ የሚከበርበት ስፍራ ስለሆነ ተገቢ መስሎኝ ነው። ከበዓሉ ቀን ውጪ ግን ጉዱማሌ ለማያውቀው ሰው ሜዳ ነው። ስለ ሉዋ የዕድሜ እርከን ሥርዓትና ስለ ሶንጎ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ቆሜ ባወራ ከጆሮ አያልፍም። አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጬ እንሰቱን ከጉዱማሌ አስቀድማለሁ።

ማለዳው የሐይቁ ነው። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መገኘት ጥሩ ነው፤ ጀልባ ሲገባ፣ ዓሣ ከመረብ ሲፈታ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲገፈፍ የሚታየው ያኔ ነው። አርፍዶ የሚደርስ የሚያገኘው ትርፍራፊ የሚጠብቁትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችን፣ ነው። ጥሬውን ዓሣ በዳጣ መብላት ለለመደ ሆድ ነው፤ ለእንግዳ ሾርባ ወይም ጥብስ አዛለሁ። ሙዝ በእጅ መያዝ ጦጣ መጥራት ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ጀልባ የሚፈልግ ካለም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ በዚያው ጠዋት ይሳፈር።

ከዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የገበሬ ጓሮ። ከ8 ሰው በላይ አልወስድም፤ እንሰት የሚፍቁት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ስለሚሠሩ ብዙ ሰው ከበባቸው ማለት ሥራቸው ቆመ ማለት ነው። ክፍያውንና ፎቶውን ከባለቤቶቹ ጋር ቀድሜ እጨርሳለሁ፤ ካሜራ ከተደቀነ በኋላ የሚጀመር ድርድር ሁሉንም ያሳፍራል። «ሙዙ የት አለ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚበላው ፍሬው እንዳልሆነ የሚገባው ግንዱ በቀርከሃ ሲፋቅ፣ ሥሩ ሲከተከት ሲያይ ነው። ከሚጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ቡላ ነው፤ ፍቃፊው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ፣ በሲዳምኛ ዋሳ፣ ይሆናል፤ የሚቀረው ቃጫ ለገመድ ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ያልተነገረው እንግዳ አፍንጫውን ሲይዝ ባለቤቶቹ ይከፋቸዋል።

ምሳው ቡሪሳሜ ነው። ዋሳው በደንብ ተጨምቆ፣ ተነፍቶ፣ ምጣድ ላይ እየታመሰ ይደርቃል፤ ከዚያ በቅቤ ይለወስና በሻፌታ፣ በሸክላ ገበታ፣ ከወተት ጋር ይቀርባል። ጭመቁ ካነሰ ይያያዝና ማላመጥ ያስቸግራል። ቅቤው ስለሚበዛ ላልለመደ ሰው ትንሽ ይበቃዋል። ዋናውን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው፦ ከአዲስ አበባ የመጡ ኦርቶዶክሶችን ዓርብ ቀን አመጣሁ። አስተናጋጆቹ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ጾሙ ትዝም አላላቸው፤ ገበታው ሙሉ ሆኖ እንግዶቹ ጦማቸውን ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም ሳልጠይቅ ቀን አልቆርጥም።

የፍቼን ታሪክ የምነግረው ሻፌታው ዙሪያ ተቀምጠን ነው። ትውፊቱ አግብታ ርቃ የሄደች ሴት በዓመት አንዴ ቡሪሳሜ ይዛ ቤተሰቧን ትጠይቅ ነበር፣ ጎረቤትም አብሮ ይቋደስ ነበር ይላል። የሚበላው ነገር እፊታቸው ስላለ ማብራሪያ አያሻም። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ከዚህ ወግ ጋር መሆኑን ጨምሬ ወደ ጉዱማሌ እነዳለሁ። ልጆች «አይዴ ጨምባላላ» እያሉ በየቤቱ እንደሚዞሩ፣ የቄጣላ ጭፈራው እንዴት እንደሚሞቅ ያኔ ብናገር ሜዳው ባዶ አይመስላቸውም።

«በዓሉ መቼ ነው?» ለሚለው ቁርጥ ያለ ቀን አልሰጥም። የሲዳማ ሳምንት ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ የሚባሉ 4 ቀናት አሉት፤ ፍቼን የሚወስኑት ደግሞ ጨረቃና ከዋክብትን የሚያዩት አያንቶዎች ናቸው። ያለፈውን ዓመት ቀን አይቶ አልጋ የያዘ ሰው ሊያመልጠው ይችላል። እንግዶቼን ቀኑ በይፋ እስኪነገር ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል እንዳይዙ እነግራቸዋለሁ።