በአምስተኛው ቀን የተሰነጠቀው የብርጭቆ ሻማ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ስፓ ነው። የሠርግ ሰሞን ስለሆነ ሪሴፕሽኑ በሙሽሮችና በሚዜዎች ተጨናንቋል። ባንኮኒው ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል፤ ዳንቴሉ ላይ የቀጠሮ መዝገብ፣ የከረሜላ ሳህንና ቫኒላ ቫኒላ የሚሸት የብርጭቆ ሻማ ተቀምጧል። ተረኛዋ ስልክ እያነጋገረች ሳለ፣ የጣት ጫፍ ታክል የነበረችው ነበልባል ከብርጭቆው አፍ በላይ ወጣች። መጀመሪያ ያየችው አንዷ ሚዜ ናት። “ኧረ ሻማው!” ስትል ተረኛዋ ዞር አለች፤ አጠገቧ የነበረውን የታሸገ ውሃ ብድግ አድርጋ ደፋችበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። ሰሙ ውሃ እንደነካው የጋለ ዘይት ተንጣጣ፣ እሳቱ ወደ ላይ ተወረወረ፣ ብርጭቆው ከግርጌው ዙሪያውን ተሰነጠቀ። የቀለጠው ሰም ዳንቴሉ ላይ ፈሰሰ። ዳንቴል የጥጥ ክር ነው፤ ሰም የጠጣ የጥጥ ክር ደግሞ ሻማ ነው። ወዲያው ተያያዘ። ጥበቃው ጩኸት ሰምተው ሮጠው ገቡና “ልጄ፣ ውሃውን ተዪው! ዞር በይ!” ብለው ትልቁን የብረት የቡና ትሪ ከነበልባሉ ላይ ደፉት። ከትሪው ውጭ የቀረውን በዱቄት እሳት ማጥፊያ ጨረሱት።

የጉዳቱ ዝርዝር አጭር ነው። የቀጠሮ መዝገቡ ግማሹ ተቃጠለ፤ የባንኮኒው ቀለም አበጠ፤ የተረኛዋ ክንድ ላይ ሦስት ቦታ የጋለ ሰም ተረጨ። አንዷ ሠራተኛ የጥርስ ሳሙና ይዛ ስትሮጥ መጣች። ጥበቃው ግን ልጅቷን ወደ ቧንቧው ወስደው ክንዷን ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አስያዟት። ልክ ነበሩ። የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅቤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያስቀራል እንጂ አያወጣውም። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ሰምም በጉልበት አይላጥም፤ ቆዳውን ይዞ ይመጣል።

ሰኞ በተደረገው ስብሰባ የስፓው ባለቤት የደረሰችበት ምክንያት “ርካሽ ዕቃ ገዝቼ ነው” የሚል ነበር። ብዙ ሰው እዚያው ላይ ያቆማል። ሻማው ግን ርካሽም አልነበረም፣ እንከን ያለበትም አልነበረም። የአፉ ስፋት 8 ሴንቲ ሜትር፣ ሰሙ 220 ግራም፣ ክሩ አንድ፣ ብርጭቆው ወፍራም። ማክሰኞ ጠዋት ተለኮሰ፤ ከዚያ በየቀኑ ከ3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት፣ ማለትም 8 ሰዓት ሙሉ ሲነድ ሰነበተ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። እንዲህ ያለ ሻማ በሰዓት 6 ግራም ገደማ ሰም ይበላል። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ 32 ሰዓት ነው፤ 192 ግራም ሄዷል። ቅዳሜ ጠዋት ሲለኮስ የቀረው 28 ግራም ነበር። 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ብርጭቆ ላይ ይህ ሲዘረጋ ከፍታው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። የብርጭቆ ሻማ ግን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ሰም ሲቀረው፣ የጣት ወርድ ሊያክል ትንሽ ሲጎድለው፣ ሥራው አብቅቷል። ያቺ ሻማ መጥፋት የነበረባት ዓርብ በምሳ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ የነደደችው በባዶ ብርጭቆ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ለምን? ከነበልባሉ በታች ያለው ሰም ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ትራስም ነው፤ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ዳር ያሰራጫል። ትራሱ ሲሳሳ ሙቀቱ በቀጥታ የብርጭቆውን ወለል ያገኛል። ብርጭቆ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ ከውስጥ የጋለው ሊለጠጥ ሲል ከውጭ ያለው ቀዝቃዛ ክፍል አልለጠጥም ይላል፤ በመካከላቸው ይሰነጠቃል። ሰሙም መጠኑ ሲያንስ ጨርሶ ይቀልጥና ከልክ በላይ ይግላል፣ ይተንናል። በሻማ ላይ የሚነደው መቼም የሰም ትነት ነው። ትነቱ ከክሩ ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላው ገጽ መነሣት ሲጀምር ነበልባሉ የብርጭቆውን አፍ ይሞላል። ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ውሃ ከሰም ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ እዚያው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ ከላዩ ያለውን የጋለ ሰም ይዞ ይፈነዳል። መፍትሔው አየር መንፈግ ነው፦ የብረት ክዳን፣ የድስት ክዳን፣ ትሪ። ብርጭቆውን አንሥቶ ወደ ውጭ ለመሮጥ መሞከር ከውሃው አይሻልም።

እንዲህ ያለው ስሕተት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። እኛ አገር ሻማና ጧፍ እስኪያልቁ ነው የሚነዱት። መብራት ሲጠፋ ሻማው በራሱ ጠብታ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ ይተከላል፤ ሲያልቅ ይጠፋል፤ የቀረውን ሰም በቢላ ፍቆ መጣል ነው። የብርጭቆ ሻማ ግን እቃ ውስጥ የተቀመጠ እሳት ነው። ሰሙ በገንዘብ የተገዛ ስለሆነ የመጨረሻዋን ጠብታ ለማሟጠጥ መፈለግ ያለ ነው፤ ሆኖም የመጨረሻው 12 ሚሊ ሜትር የሚገዛው ለማንደድ አይደለም።

ከትሪው ሥር ስብርባሪው ሲነሣ ሌላም ነገር ተገኘ፦ ሰሙ ውስጥ ሦስት ከሰል የመሰሉ የክብሪት እንጨቶች። ሰሙ ዝቅ ሲል ክሩ ጋ ለመድረስ እጅ ወደ ብርጭቆው መግባት አለበት፤ ጣት ሲለበልብ ክብሪቱ ይጣላል። እያንዳንዱ የወደቀ እንጨት ሰም ጠጥቶ ተጨማሪ ክር ይሆናል። ለአንድ ክር ተመጥኖ የተሠራ ብርጭቆ በአራት ክር ነደደ። ረጅም አፍ ያለው የጋዝ መለኮሻ ከሌለ ደረቅ ፓስታ ይበቃል፤ ጫፉን ለኩሶ ማስገባት፣ ከዚያ አውጥቶ እፍ ማለት። የተቆረጠ የክር ቁራጭም እንደዚያው ነው፤ ውስጥ አይቀርም።

ክሩስ? ከማክሰኞ ጀምሮ መቀስ አልነካውም። ሻማ ከመለኮሱ በፊት፣ ሰሙ ቀዝቅዞ እያለ፣ ክሩ ወደ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ሳይቆረጥ ሲቀር ጫፉ ላይ እንጉዳይ የመሰለ ጥቁር ራስ ያወጣል። ያ ራስ ነበልባሉን ያሳድገዋል፤ ሰሙ ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ስለሚቀርም ጥላሸት ይሆናል። ምልክቱ ከቅዳሜ በፊት ታይቶ ነበር፦ ጽዳት ሠራተኛዋ ከረቡዕ ጀምራ በየጠዋቱ የብርጭቆውን አፍ ጥቁሩን ስትጠርግ ነበር። ጠረገችው፤ ማንም ግን ለምን ጠቆረ ብሎ አልጠየቀም። ባንኮኒው ከመግቢያው በር ትይዩ ስለሆነም በሩ በተከፈተ ቁጥር ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ይተኛል፤ ጥላሸቱ ከዚያም ይመጣል፣ የብርጭቆው አንድ ጎንም ከሌላው ይበልጥ ይግላል። ክር ሲቆረጥ ግን ከልክ በላይ አለማሳጠር ነው። 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የቀረ ክር በራሱ ሰም ይሰምጣል፤ ያኔ ከቀለጠው ሰም ትንሽ በሶፍት መጥጦ ማውጣት ያድነዋል፤ በእርግጥ ነበልባሉን ካጠፉ በኋላ።

የሚገርመው የዚያው ቤት የማሳጅ ክፍሎች ችግር የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። አራቱ ክፍሎች ውስጥ ያሉት ተመሳሳይ ሻማዎች ደንበኛ ሲገባ ይለኮሳሉ፣ ከ45 ደቂቃ በኋላ ሲወጣ ይጠፋሉ። መሃላቸው እንደ ጉድጓድ ሰርጉዶ፣ ዙሪያቸው ላይ ወፍራም የሰም ግድግዳ ቀርቶ “ክሩ አልነድ አለ” ተብለው ሊጣሉ ነበር። የብርጭቆ ሻማ የመጀመሪያውን ዕለት የቀለጠው ሰም ዳር እስከ ዳር እስኪደርስ መንደድ አለበት፤ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አንድ ሰዓት ተብሎ ይገመታል። ለ8 ሴንቲ ሜትሩ ሦስት ሰዓት ከትንሽ መሆኑ ነው። በ45 ደቂቃ ከተቆረጠ በሚቀጥለው ጊዜም የሚቀልጠው ያው መሃሉ ነው፤ ክሩ እየሰመጠ፣ አየር እያጠረው፣ ነበልባሉ እየጫጨ ይሄዳል። ወደ ላይ ደግሞ ከ4 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ጠባብ ጊዜ ነው የሻማው የሥራ ሰዓት። ሪሴፕሽኑ ላይኛውን ጣሰ፣ ክፍሎቹ ታችኛውን።

የተሰረጎደ ሻማ ይድናል። የአልሙኒየም ፎይል በብርጭቆው አፍ ዙሪያ ይጠቀለልና መሃሉ ላይ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለታል። ሙቀቱ ወደ ግድግዳው ሰም ይመለሳል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ገጹ ይስተካከላል። ፎይሉ ስለሚግል በባዶ እጅ አይነሣም፣ ሻማውም ብቻውን አይተውም። ስፓ ውስጥ ግን ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ፤ የፀጉር ማድረቂያው ፎን። ክሩ ሳይለኮስ የላይኛውን ሰም በፎን ማቅለጥና እንዲረጋ መተው ነው። ሁለቱ ክፍሎች በዚህ ዳኑ። ለ45 ደቂቃ አገልግሎት ግን ከመጀመሪያውም ትልቅ ብርጭቆ ትክክለኛ ምርጫ አልነበረም፤ በትንሿ ቆርቆሮ ኩባያ የሚመጣው ሻማ ገጹ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ዳር ይደርሳል። ወይም ሻማውን ሳይለኩስ ከላይ በአምፖል የሚያሞቀው መሣሪያ አለ፤ ችግሩ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ መሄዱ ነው።

ምርጫን ካነሣን፣ ሱቅ ውስጥ ሰው የሚያደርገው ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት ብቻ ነው። ሽታው ሲነድም እንደዚያው ይሆናል ማለት አይደለም። የሚበልጠው አገላብጦ ማየት ነው። ክሩ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል? ወደ ጎን ከተጠጋ ብርጭቆውን በአንድ በኩል ይጠብሰዋል። ብርጭቆው አፉ ላይ ተጭሯል ወይም ተሸርፏል? አፉ ከሆዱ የጠበበ ከሆነ አየር ያንሰዋል፣ ይጨሳል። ሰሙ ላይ እንደ ላብ የዘይት ጠብታ ከታየ ሽቶው ሰሙ መሸከም ከሚችለው በላይ ገብቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሽቶው ከሰሙ ክብደት ከ6 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ከዚያ ሲበዛ ክሩን ይደፍናል እንጂ መዓዛ አይጨምርም። የአኩሪ አተር ሰም ገጹ ላይ አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር ቢያወጣ ጉዳት የለውም፤ ጠባዩ ነው። በተረፈ “ከተፈጥሮ የተሠራ” የሚለው ጽሑፍ ላይ ብዙ ገንዘብ ባይጨምሩ ይመረጣል። የአኩሪ አተርም፣ የፓራፊንም፣ የንብም ሰም ክሩ ረጅም ከሆነ ሁሉም ያጨሳል። በቀጭን የሻይ ብርጭቆ የተሞላ የቤት ውስጥ ሻማ ግን፣ መዓዛው የቱንም ያህል ቢጥም፣ ለእሳት ተብሎ ባልተሠራ ዕቃ ላይ ያለ እሳት ነው። አስም ያለበት ደንበኛ የሚገባበት መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ምንም ሻማ ባይኖር ይሻላል።

ስፓው ሻማውን አልተወም። አሁን ባንኮኒው ላይ ዳንቴል የለም፤ ሻማው የሚቀመጠው ከበሩ ርቆ፣ ከመጋረጃና ከወረቀት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ተለይቶ፣ በሸክላ ሳህን ላይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይለኮሳል፣ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ በክዳኑ ታፍኖ ይጠፋል። እፍ ሲባል ሰም ይረጫል፣ ጭሱም የቫኒላውን መዓዛ ያበላሻል። ከሰዓት በኋላ የሚለኮሰው ሌላው ነው፤ የጠዋቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይነካም። ክሩን የሚቆርጠው ጥፍር መቁረጫ በገመድ ታስሮ መሳቢያው እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል። ከባንኮኒው ጀርባ አንድ የብረት ክዳን አለ፤ ሻማው ከነብርጭቆው ቢያያዝ የሚደፋበት። ያለቀው ብርጭቆ ቀዝቅዞ ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ሰሙ ተኮማትሮ ይወጣል፤ በሙቅ ውሃ አጥቦ ወደ ሲንክ መድፋት ቧንቧ መድፈን ነው።

ከተገዙት ሰባት ሻማዎች ስድስቱ ቀርተው ነበርና ባለቤቷ አገላብጣ ስታያቸው የሁሉም ግርጌ ላይ የሱቁ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል። ጠርዙን በጥፍሯ ፈቀቅ አደረገችው። ከሥሩ ትንንሽ ሥዕሎች ነበሩ፦ መቀስ ከነክሩ፣ የተሰረዘ ሕፃንና የቤት እንስሳ፣ የሰዓት ምስል ከ4 ቁጥር ጋር፣ ግርጌው ላይ መስመር የተሰመረበት ብርጭቆ። “እትዬ፣ ይሄ እኮ ሁሉም ተጽፏል” አለች ተረኛዋ፣ ክንዷ ላይ ፋሻው እንዳለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዕቃ ሲገባ ዋጋው የሚለጠፈው ክዳኑ ላይ ነው።