አትዙር!

ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል። ልተኛ ጎኔን ሳሳርፍ ትዝ ይለኛል። ትናንት መንገድ ላይ አንድ የማውቀው ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ አንገቴ ደርቆ ቀረ። ሦስቴ ጠራኝ፣ አልዞርኩም፣ አኩርፎ ሄደ። ወዳጄ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ፤ ኩራት አይደለም፣ ካምፕ ነው።

በክረምቱ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሚሰባሰቡበት ካምፕ ውስጥ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። የተመደብኩለት ልጅ ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል የሰውነትን እንቅስቃሴ እንደልብ እንዳያዝ የሚያደርግ ጉዳት) አለበት። (ልጅ አልኩ፣ አያችሁ? ሰውዬው 26 ዓመቱ ነው፣ በ4 ዓመት ይበልጠኛል፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነው።) በኤሌክትሪክ ዊልቸር ይሄዳል፤ ግንባሩ ላይ በታሰረች ዘንግ ታብሌት ላይ ፊደል እየነካ ይጽፋል፣ ታብሌቱ ያነብለታል። የታብሌቱ ድምፅ ስልክ ላይ «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» ከምትለዋ ሴትዮ ጋር እህትማማች ሳይሆኑ አይቀሩም።

የመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብዬ፣ ድምፄን እንደ ሞግዚት አቅጥኜ፣ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ከእንግዲህ እኔ አለሁልህ» አልኩት። ዘንጓ ሁለት ደቂቃ ያህል ወዲያ ወዲህ አለች። ከዚያ ሴትዮዋ በዚያ ደረቅ ድምፅዋ፣

«26 ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?»

ከዚያ ወዲያ አለቃዬ ነው የምለው።

አለቃዬ ቦቻ ይጫወታል። ቦቻን ለማታውቁ፦ አንዲት ነጭ ኳስ ትወረወራለች፣ ከዚያ አንዱ 6 ቀይ፣ ሌላው 6 ሰማያዊ ኳስ ይዞ ለነጯ ለመቅረብ ይፋለማል። እጃቸው ኳስ መወርወር ለማይችል ተጫዋቾች ደግሞ እንደ አሸንዳ ያለ መንሸራተቻ አለ። አለቃዬ በአይኑ ግራ ቀኝ ይለኛል፣ እኔ መንሸራተቻውን አስተካክዬ ኳሷን አስቀምጣለሁ፣ እሱ በዘንጉ ይለቃታል። በቃ። ሥራዬ ይኸው ነው። አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ ረዳቱ ምክር እንዳይሰጥ ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለተጫዋቹ ሰጥቶ ነው የሚቆመው። መዞር ክልክል ነው።

እስቲ አስቡት፤ ጨዋታው 12.5 ሜትር በሚረዝም ሜዳ ላይ ከኋላዬ እየተካሄደ፣ የእኔ ድርሻ የአለቃዬን ፊት ማየት ነው። ሰው ደመናማ ሰማይ እንደሚያጠና ፊቱን አጠናለሁ። ቅንድቡ ከተነሳ ኳሷ ደህና ሄዳለች። አፍንጫው ከተነፋ ስታለች። ከሳምንት በኋላ የቅንድቡን ፀጉር አንድ በአንድ ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር፤ ኳሷ የት እንዳለች ግን አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ቲሸርቱ ካልተናገርኩ ያመኛል። ለረዳቶች ሁሉ አንድ ልክ ቲሸርት ታደለን፤ ለእኔ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ጀርባው ላይ በሰፌድ በሰፌድ ፊደል «የመጣሁት ልረዳ ነው» ይላል። ጀርባዬ ደግሞ፣ እንዳልኳችሁ፣ ለተመልካቹ ነው። ልብ በሉልኝ።

ውድድሩ ደረሰ። አራተኛውና የመጨረሻው ዙር፣ ነጥብ እኩል፣ አለቃዬ የመጨረሻ ኳሱን ለቀቀ። አንደኛው ቅንድብ ተነሳ። ሁለተኛው ተከተለ። አፉ ተከፈተ! ከኋላዬ አዳራሹ በሙሉ «ኧረ! ኧረ! ኧረ!» ይላል። የሎጥን ሚስት እስከዚያች ቀን ድረስ እወቅሳት ነበር። «ምናለበት ባትዞር?» እል ነበር። ከእንግዲህ ስለዚያች ሴት ክፉ አይወጣኝም።

ዞርኩ።

ኳሷ ነጯን ሳም አድርጋ ቆማለች። እንዴት ታምራለች! ፊሽካ ተነፋ። ዳኛዋ ዳውን ሲንድረም ያለባት የካምፑ ወጣት ናት፤ ሕጉን ከነነጠላ ሰረዙ የምታውቅ፣ ይቅርታ የሚባል ነገር ግን መዝገበ ቃላቷ ውስጥ የሌለ። ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ «አየሁህ!» አለች። በካምፑ ሕግ ለተጋጣሚያችን አንድ የቅጣት ኳስ። ያቺ ኳስ ተንከባልላ መጥታ የኛን ገፍታ ነጯን ያዘች። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። «የመጣሁት ልረዳ ነው»።

አለቃዬን ይቅርታ ጠየቅኩ። ዘንጓ ተንቀሳቀሰች፣ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ጠበቀ፣ ሴትዮዋ ተናገረች፦ «ረዳት ይቀየርልኝ።»

ትርፍ ረዳት ስላልነበረ አልተቀየርኩም። «ምነው በተቀየርኩ» የሚያሰኘኝ ነገር ግን የመጣው ማታ ነው። ታብሌቱ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚፈለጉ ነገሮች አንዴ ሲነኩ የሚናገሩ ቁልፎች አሏቸው። ማታ ስከፍተው «ውሃ» አለ፣ «መጸዳጃ ቤት» አለ፣ በመካከላቸው እኔ አለሁ። ፎቶዬ! አንዱ ጓደኛዬ ልክ ስዞር ያነሳኝ፣ አፌ እንደ መጋዘን በር ተበርግዶ። ከሥሩ፦ «አትዙር!»። ከውሃና ከሽንት እኩል መሠረታዊ ፍላጎት ሆኜ ተመዘገብኩ።

ከዚያ በኋላማ አትጠይቁኝ። ቁርስ ላይ ማንኪያ ወድቆብኝ ጎንበስ ስል፦ «አትዙር!» አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ከወዲያ ማዶ፦ «አትዙር!» ሌሎቹም ተቀባበሉት፤ መናገር የሚችለው በአፉ፣ ምልክት የሚጠቀመው በእጁ። መስማት የተሳነው አንዱ ልጅ ለእኔ የምልክት ስም አወጣልኝ። አንገት ጠምዘዝ፣ አፍ ከፈት። እዚያ ሰፈር እስከ ዕለተ ሞቴ ስሜ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ቁጭት ይዤ ስመለስ ደግሞ ሰዉ «ጽድቅ ነው የሠራኸው! እግዜር ይክፈልህ!» ይለኛል። ምኑ ነው ጽድቁ? ሰውዬውን ዋንጫ አስነጠቅኩት እኮ! ቦቻ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የፓራሊምፒክ ስፖርት ነው ስላቸው «ታዲያ አንተ ደክመህ ካጫወትካቸው እነሱ ምን አነሳቸው» ይሉኛል። እሱ የሠለጠነው ዓመታት ነው፣ እኔ የቆምኩት ግድግዳ እያየሁ ነው፣ ምርቃቱ ለእኔ። የአለቃዬን የአፍንጫ መነፋት ባዩ ኖሮ።

የመጨረሻው ቀን የበቀል ግጥሚያ ነበር። ማልኩ። ጣሪያው ቢወርድ አልዞርም። አለቃዬ ኳስ ለቀቀ፣ ሌላ ለቀቀ፣ ፊቱ ግን እንደ ቼክ ባዶ ነው፤ አንዲት ቅንድብ እንኳ አልሰጠኝም። ከዚያ ዊልቸሩን አንቀሳቅሶ በጎኔ አልፎ ወደ ሜዳው ገባ። ተራው ሲደርስ ገብቶ የኳሶቹን አቀማመጥ ማየት ይፈቀድለታል፤ ረዳቱ ግን ባለበት ይቆያል። ሲያልፍ ቁልፏን ነካ፦ «አትዙር!»

አልዞርኩም። ፊት ለፊቴ ባዶ ግድግዳ። ከኋላዬ ጸጥታ። «እያሰበ ነው» አልኩ። አንገቴ ቢበላኝም አላከክሁም። ፊሽካ እስኪነፋ እጠብቃለሁ።

ቆይቶ ይመስለኛል፣ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ይዛ አጠገቤ ቆመች። እሷም ግድግዳውን አየች። ትንሽ ቆየችና፣

«ወንድሜ፣ ምን አለ እዚህ ላይ?»

«ማን እየመራ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«የምን መምራት? ሁሉም ምሳ ላይ ናቸው።»

አላመንኳትም። ከአለቃዬ ተልካ እንደሆነስ?