ፈተናውን ያላቀለሉልን መምህራን

ኮሌጅ ውስጥ ውጤት ለተበላሸበት ተማሪ የሚያዝን ሰው አይጠፋም። ቁጭ ብሎ የት ጋ እንደተሳሳተ የሚያሳየው ግን ጥቂት ነው። እኔ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዳንዶቹ ስለደረሱልኝ ውለታቸውን ልጽፍ ተነሳሁ።

አንደኛ ዓመት ላይ ካልኩለስ አንገዳገደኝ። የሚድ (የአጋማሽ ፈተና) ውጤቴን ለቅርብ ጓደኞቼ እንኳ አልተናገርኩም። ኋላ መቀመጥ ጀመርኩ፣ ጥያቄ መጠየቅ ተውኩ። እዚህ የገባሁት በስህተት ነው፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ስለዚሁ ፍርሃት እንደጻፉ ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። የሚገርመው፣ የጻፉት ስለ ሰነፎች አይደለም። በትምህርታቸውም በሥራቸውም ስለተሳካላቸው ሴቶች ነው። ያኔ ይህን የሚነግረኝ ባገኝ ትንሽ እፎይ እል ነበር።

የካልኩለስ መምህራችን ተማሪ የሚያነጋግሩበትን ሰዓት ቢሮአቸው በር ላይ ለጥፈው ነበር። እንዲህ ያለው ሰዓት አንድ ችግር አለበት፤ የሚጠቀሙበት ጎበዞቹ ናቸው። የቸገረው ተማሪ ኮሪደሩ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። እሳቸው ይህ የገባቸው ይመስለኛል። የፈተና ወረቀቴ ጥግ ላይ «ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ነይ። ሦስተኛውን ጥያቄ እንደገና ሞክረሽ ይዘሽ ነይ» ብለው ጻፉልኝ። ሌላ ምንም የለም። እንዲህ ከታዘዝኩ በኋላ መቅረት አልቻልኩም።

ስገባ ስለ ውጤቴ አላነሱም፣ አላጽናኑኝምም። ጠመኔ ሰጡኝና «እስከ ገባሽ ድረስ ሥሪው» አሉኝ። ሠራሁ። አንድ መስመር ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። «ካልኩለሱን አውቀሽዋል። የሚጥልሽ አልጀብራው ነው፤ ክፍልፋይ ስታቃልይ ትሳሳቻለሽ። ይሄ በጥቂት ሳምንት ይስተካከላል።» ከዚያ ክፍል ውስጥ ከሰጡን የሚከብድ ጥያቄ ሰጥተው አሰናበቱኝ። በጊዜው ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ዶርም ስደርስ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ለካ ይህን ትችላለች ብለው ነው። «ጎበዝ ነሽ» ቢሉኝ አላምናቸውም ነበር፤ ጥያቄውን ግን አመንኩት።

ይህን ነገር ያጠኑ ሰዎች አሉ። ጄፍሪ ኮኸን፣ ክላውድ ስቲልና ሊ ሮስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ያለውን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደብዳቤ አጻፏቸው። ስለምን መሰላችሁ? ስለሚወዱት መምህር የምስጋና ደብዳቤ! ከዚያ በጽሑፋቸው ላይ ጠንከር ያለ ትችት ሰጧቸው። ትችቱ ብቻውን የደረሳቸው ጥቁር ተማሪዎች ተቺው በዘራቸው የናቃቸው መሰላቸው፤ ጽሑፉን የማሻሻል ፍላጎታቸውም ቀነሰ። በትችቱ ላይ እንዲሁ ጠቅለል ያለ ሙገሳ ሲጨመርበት ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም። የተስተካከለው «የምጠብቀው ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ አንተ ደግሞ እዚያ መድረስ ትችላለህ» የሚል መልእክት አብሮ ሲደርሳቸው ነው። የእኔ መምህር ይህን ጥናት ያንብቡት አያንብቡት አላውቅም። ያደረጉት ግን ያንኑ ነው።

ስለ ካልኩለስ ካነሳሁ የሒሳብ መምህሩን ዩሪ ትራይስማንን አልዘለውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እያለ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ የሚወድቁት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መምህራኑ መልሱ በእጃቸው ነበር፤ ፍላጎት ማነስ፣ የዝግጅት ጉድለት፣ ከቤተሰብ ድጋፍ ማጣት። ትራይስማን ግን ተማሪዎቹ ወደሚያጠኑበት ሄዶ አየ። ሰነፎች አልነበሩም። እያንዳንዱ ብቻውን ተቀምጦ ይለፋል እንጂ። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ደግሞ መጀመሪያ ለየብቻ ይሠሩና ከዚያ ተሰብስበው መልሳቸውን ያመሳክሩ ነበር። አንዱ የተሳሳተውን ሌላው ያርመዋል፤ ለሁሉም የከበዳቸው ጥያቄም ቀድሞውንም ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ብቻህን ስታጠና ይህን አታውቅም። የከበደህ ሁሉ የአንተ ድክመት ይመስልሃል። ትራይስማን ለተማሪዎቹ ማጠናከሪያ ትምህርት አልከፈተላቸውም። በቡድን የሚታገሏቸው ከባድ ጥያቄዎችን አዘጋጀላቸው፤ ውጤታቸውም ከፍ አለ።

ታዲያ አሁንም «ከክፍሌ ግማሹ ይወድቃል» ብሎ የሚኮራ አስተማሪ አለ። እኛም አንድ ነበረን። ተማሪ መጣል ምኑ ያስኮራል? እሱን ፈተናው ብቻውን ይሠራዋል፣ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ሌሎችም ነበሩ። አንድ የላይኛው ዓመት ተማሪ ማታ ማታ ላይብረሪ ሰብስቦን ያሠራን ነበር፤ ማንም አልከፈለውም። አድቫይዘሬ ደግሞ ሁሉንም ኮርስ ልሸከም ስል «አንዱን ድሮፕ አድርጊ፣ እኔም አንድ ኮርስ ደግሜ ነው የተመረቅሁት» አለችኝ። ያን ያህል ትልቅ ምስጢር በዚያ ቅለት ስትናገር ሰምቼ ሳቄ መጣ። ውጤቱ ሲበላሽ ለሚያፍር ሰው፣ ተበላሽቶበት የተረፈን ሰው ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ጋለፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ከ30,000 በላይ የኮሌጅ ምሩቃንን ጠይቆ ነበር። ለትምህርት ያነሳሳኝ መምህር ነበረኝ፣ መምህራኖቼ እንደ ሰው አስበውልኛል፣ ግቤን እንዳሳካ ያበረታታኝ መካሪ ነበረኝ፤ እነዚህን ሦስቱን አጥብቀው «አዎ» ያሉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ሦስቱም የደረሳቸው ዛሬ ሥራቸውን ከልባቸው የመውደድ ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩን ሳይ ደስታም ንዴትም ተሰማኝ። የወረቀት ጥግ ላይ ሁለት መስመር መጻፍ እኮ በጀት አይጠይቅም።

ባለፈው ለካልኩለስ መምህሬ ደብዳቤ ላክሁላቸው። ብዙ አመሰገንኳቸው፤ እሳቸው ምስጋናውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉትና ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ዘንድሮ ሚድ የከበዳቸው ልጆች አሉ፣ መጥተሽ ታነጋግሪያቸዋለሽ? እሺ ብያለሁ። መጀመሪያ ንግግር ላዘጋጅ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። አንድ ጥያቄ ይዤ እሄዳለሁ፣ በሦስት በሦስት ሆነው ይሞክሩታል፣ እኔም እየዞርኩ አያለሁ። ጥያቄውን መርጬዋለሁ። ይከብዳል።