በርሜሉን ያሳየችው ልጅ

ቅዳሜ ረፋድ ቀፊራ ገበያ ሎሚ እየመረጥኩ ነበር። አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «አንቺ፣ በርሜሉን ያሳየሽው ልጅ ነሽ አይደል?»

አዎ አልኳቸው።

«እኔም ፈተግኩት እኮ» አሉኝ።

የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ቤት ለቤት ስዞር ዓመታት አልፈዋል። ብሮሹር በትኛለሁ፤ በድምፅ ማጉያ ቀስቅሻለሁ። ስለዚያ ብሎ መንገድ ላይ ያስቆመኝ ሰው ግን አልነበረም። ሰው ያወቀኝ በራሴ ገጽ በለቀቅኳት አጭር ቪዲዮ ነው።

በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማችንን እንዴት እንዳደረጋት የድሬ ሰው አይረሳም። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ጠዋት ደህና የነበረ ጎረቤት ማታ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚራመደው። ያንን በሽታም፣ ዴንጊ የሚባለውን ትኩሳትም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባል ቢምቢ ናት። የምትናከሰው ቀን ነው። የምትራባውም ሩቅ ረግረግ ሄዳ አይደለም። ግቢያችን ውስጥ፣ በርሜል ውስጥ፣ የተጣለ ጎማ ውስጥ ነው። ስለዚህ የእኛ ሥራ ግማሹ ሰውን ማሳመን ነው።

ባለፈው ክረምት ገንደ ቆሬ እናቴ ቤት ሄጄ በርሜሏን ከፈትኩ። የስልኬን መብራት ሳበራበት የቢምቢ እጮች ይርመሰመሳሉ። የራሴ እናት ቤት! ደንግጬ ቀረፅኩት። ሃምሳ ሰከንድ ብትሆን ነው። «ይሄ የእናቴ በርሜል ነው፤ የእናንተንም ክፈቱና እዩ፣ እንዲህ ከሆነ ድፉት» አልኩ። በራሴ ፌስቡክና በሰፈራችን ቴሌግራም ለቀቅኩት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ በኦሮምኛ ደገመው።

ማታውን አስተያየት ጎረፈ። ብዙው ምስጋና ነው። አንዱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «እህቴ፣ ውሃ በስንት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉን ድፉ ትይናለሽ?»

እውነቱን ነው። እኔም ጀሪካን ተሸክሜ ነው ያደግኩት። ሰው በርሜል የሚሞላው ውሃ ስለሚጠፋ ነው። በማግስቱ ሌላ ቪዲዮ ሠራሁ። አትድፉት፤ በጨርቅ ሸፍናችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት አልኩ። ባለቀ ጊዜ ደግሞ የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ። እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆም ወራት ይቆያል። ውሃ ሲያገኘው ይፈለፈላል። መድፋቱ ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው። ቀፊራ ያገኘኋቸው እናት የፈተጉት ይሄንን ሰምተው ነው።

ያ አስተያየት ባይመጣ የተሳሳተውን ምክር ዛሬም እደግመው ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ ስም፣ በራሱ ፊት ይናገር የምለው ዋናው ምክንያቴ ይሄ ነው። ሰው ለመሥሪያ ቤት ማኅተም የማይጽፈውን ለሚያውቀው ሰው ይጽፋል።

ቀድሞ የሠራሁበት ቦታ በየሳምንቱ ትእዛዝ ይመጣ ነበር። «ፖስቱን ሼር አድርጉ፣ ስክሪንሻት ላኩ»። ፖስቱ የስብሰባ ፎቶ ነው። ከኋላ ባነር፣ ከፊት የታሸገ ውሃ። ሠራተኛው ሼር ያደርጋል፤ ተመልካች የለም። እዚያው ቦታ አንዲት ባልደረባዬ ስለ ክትባት ቀን በራሷ ገጽ ጽፋ «ማን ፈቀደልሽ?» ተባለች። ከዚያ ወዲያ አልጻፈችም። በጣም ያሳዝነኛል፤ እናቶች የሚሰሟት ልጅ ነበረች።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። ሥራውን ቆሻሻው ድረስ የሚያውቀው ሠራተኛ ዝም ብሎ ግልጽነት ከየት ይመጣል?

የባልደረቦቼን ፍርሃት አልንቅም። «ብሳሳትስ?»፣ «ፖለቲካ ቢሆንብኝስ?» ይሉኛል። የሐሰተኛ መረጃ አዋጁም፣ 1185/2012፣ ቀልድ አይደለም። እኔ የማልነካቸው ነገሮች አሉ። የታማሚ ፊትም ስምም አላወጣም። የሰው ግቢ ሳላስፈቅድ አልቀርፅም። ያልተገለጸ የበሽተኛ ቁጥር አልናገርም። ከሙያዬ ውጪ ያለውን ለባለሙያው እተወዋለሁ። አንድ ልጅ ትኩሳት ላይ ምን ማስታገሻ ልውሰድ ሲለኝ ነርሷን ጠይቄ ነው የመለስኩለት። ዴንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም አይወሰድም፤ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል በመጠኑ ወስደህ ጤና ጣቢያ ሂድ አልኩት።

ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ምን ማለት እንደሚቻልና እንደማይቻል በግማሽ ገጽ ጻፉልን። ስንጠራጠር የምንደውልለት አንድ ሰው ስጡን። ለሞባይል ዳታ ትንሽ ብር፣ ከተቻለ። የተሳሳተ ሠራተኛ ይታረም እንጂ አይቀጣ። ሼር አድርጉ የሚለውን ግዴታ ደግሞ ተዉት፤ ተገዶ የሚናገርን ሰው ተመልካች ከፊቱ ያውቀዋል።

እስካሁን የጎደለን ሶማሊኛው ነበር። ብዙ ጎረቤቶቻችን የሚሰሙት በዚያ ቋንቋ ነው። የሚችለው ባልደረባዬ ካሜራ ይፈራል፤ ዓመት ሙሉ ለመንኩት። ትናንት «እሺ አቦ፣ ግን አንዴ ብቻ» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሳቢያን አንድ ጎማ ጥገና ቤት ደጅ ላይ እንገናኛለን። ባለቤቱን አስፈቅደናል። ዝናብ የያዙ አሮጌ ጎማዎች አሉት። ስልኩን የምይዝለት እኔ ነኝ።